ስሙ ያልተጻፈው ባለወፍጮ

ሆሳዕናን ሳልረግጣት አውቃት ነበር። የድሮው ገበያ የት እንደነበረ፣ ዋቸሞ ስትባል በነበረበት ዘመን ማን ከየት መጥቶ የት እንደሰፈረ፣ ሬዲዮ ያስገባው የጉራጌ ነጋዴ ሱቅ በር ላይ ሰው እንዴት ይጋፋ እንደነበር ብትጠይቁኝ ከደብረ ብርሃን ሳልነቃነቅ እነግራችሁ ነበር። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከታደለች ብሎግ ነው። ታደለች ሆሳዕና ውስጥ የታሪክ መምህርት ናት። እኔ ደግሞ የደብረ ብርሃንን የድሮ ሰፈሮች ወሬ በአንድ ገጽ ላይ እለቃቅማለሁ። የሚያነበን ሰው ከዘመዶቻችን በማይበልጥበት ጊዜ ተዋወቅን፣ በስልክ ስንሟገት ዓመታት አለፉ። ፊት ለፊት ግን ተያይተን አናውቅም።

የሄድኩት ለሽርሽር አልነበረም። ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ ደወለችና "ዘውዴ፣ ቅዳሜ ሽማግሌ ሊቀመጥብኝ ነው። ብሎጉን ዝጊ ካሉኝ እዘጋዋለሁ" አለችኝ።

ነገሩን አውቀዋለሁ። ስለ ድሮው ገበያ በተከታታይ ስትጽፍ የዳቦ ቤቱን ባለቤት፣ ልብስ ሰፊውን፣ ባለሬዲዮውን ሁሉ በየስማቸው ጠርታ፣ ለከተማዋ የመጀመሪያውን ወፍጮ ያመጣውን ሰው ግን "ባለወፍጮው" ብላ ብቻ አለፈችው። ባለወፍጮው ደግሞ ሌላ ሰው አይደሉም፣ የገዛ ባሏ አባት ናቸው፤ ነፍስ ይማር፣ አቶ ሄራሞ። ደቡብ አፍሪካ የሚኖር አንድ ዘመዳቸው "የሁሉን ስም ጠርታ የእኛን አባት ስም ዋጠችው" ብሎ ኮመንት ጻፈ። ከዚያማ ጉድ ፈላ። "ከዶዮገና የመጣች የከምባታ ልጅ የሀዲያን ሽማግሌ ከታሪክ ሰረዘች" የሚል ስክሪንሾት ከስልክ ስልክ ዞረ።

"ታዲያ ስሙን ጻፊዋ! አንድ ቃል አይደለም እንዴ?" አልኳት።

ይህንን እንዳልሰማ ሰው አለፈችው።

"ቢያንስ ሳይዘጋ እኔ ልገልብጠው።"

"መገልበጡንስ ገልብጪው። ግን ሽማግሌ ከፈረደብኝ በኋላ የማን በር ይከፈትልኛል? ማን አዛውንት ቁጭ ብሎ ያወራኛል? አለቀ በቃ።" ትንሽ ቆይታ "ብትመጪ ደስ ይለኛል" አለች። በእኔና በሷ መካከል ይህ ልመና ነው።

ረቡዕ

ጎህ ሳይቀድ ወጣሁ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ለእናንተ አልነግራችሁም። ለታደለች እናት የኛን አገር ብርድ ልብስ በፌስታል ይዤ፣ ጋቢዬን ደርቤ አዲስ አበባ ደረስኩ። መናኸሪያ ውስጥ "ሆሳዕና! አንድ ሰው! አንድ ሰው!" የሚለውን አምኜ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። አንድ ሰው ብቻ የቀረው መኪና እስኪሞላ ፀሐይ አናታችን ላይ ወጣች።

ቡታጅራ ምሳ በላን። ከዚያ ወዲያ አገሩ ሌላ ሆነ። እኛ ጋ ሜዳው ገብስ ነው፣ ዓይን እስከ ጥግ ያያል፣ እንግዳ ሲመጣ ከሩቅ ይታወቃል። እዚህ ግን ቤቱ ሁሉ ከእንሰቱ ጀርባ ነው። ጭሱን ታዩታላችሁ፣ ጣራውን አታዩትም።

ወራቤን እንዳለፍን ጎማው ፈነዳ። ሹፌሩ ትርፍ ጎማ አለኝ ሲል የነበረው ትርፍ ጎማ ራሱ ጠጋኝ የሚያስፈልገው ሆኖ ተገኘ። ዝናቡም የጠበቀን ይመስል መጣ። መንገድ ዳር ያለ ቤት በረንዳ ስር ተጠለልን። የቤቱ እመቤት ሳንጠይቃት ከውስጥ አግዳሚ ወንበር እየጎተተች አስቀመጠችን፣ ቀጥላም የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ አመጣች። ቋንቋ አልተግባባንም። ብቻ በተጎረሰ ቁጥር ራሷን እየነቀነቀች ትስቅ ነበር።

ድንቹን እየላጥኩ ሳለ አጠገቤ የተቀመጠ ጎልማሳ ስልኩን ለጓደኛው አሳየው። "ይቺን መምህርት አየሃት? ቅዳሜ ሊፈርዱባት ነው። ደግ አደረጉ።"

"ምን አድርጋ?" አለ ጓደኛው።

"የባሏን አባት ንቃ። እንጀራቸውን እየበላች!"

የያዝኩትን ድንች አስቀመጥኩ። "አንተ ጽሑፉን አንብበኸዋል?" አልኩት።

"ምኑን አነበዋለሁ እናቴ? ኮመንቱ ይበቃል እኮ!"

አፌን ልከፍት ነበር። ግን እዚያ ዝናብ ውስጥ፣ ጎማ በሌለው መኪና፣ ከማላውቀው ሰው ጋር ተጣልቼ የት ልደርስ ነው? ሆድ ይፍጀው ብዬ ድንቼን በላሁ። ነገሩ የቤተሰብ ኩርፊያ መስሎኝ ነበር የመጣሁት። መንገደኛ ሁሉ እንደሚያወራው ያኔ ገባኝና ፈራሁ።

ሲመሻሽ ሆሳዕና ገባን። ታደለች መናኸሪያው በር ላይ ቆማ ነበር። ከፎቶዋ አጠር፣ ቀጠን ያለች ናት። ሳቅፋት አለቀሰች፣ እኔም አላቀስኩ፣ የባጃጁ ሹፌር ደግሞ ሻንጣዬን ይዞ አፍሮ ቆመ።

ሐሙስ

የታደለች ቤት ከባሏ እናት ቤት ጋር አንድ ግቢ ነው። ባሏ ሳሙኤል የግብርና ባለሙያ ነው። ደግ፣ ዝምተኛ፣ ወንድሙን ጋሽ ጴጥሮስን የሚፈራ ሰው። ሽማግሌ የጠሩት ጋሽ ጴጥሮስ ናቸው፣ የአቶ ሄራሞ የበኩር ልጅ።

ለቁርስ አታካና ቀረበልኝ። ቡላው በቅቤና በአይብ ተለውሶ ትኩስ ትኩሱን ነው። የኛ አገር ቅንጬ ጾመኛ መስሎ ታየኝ። ታደለች ከሁሉ በፊት አንድ ሳህን ቀንሳ፣ ክዳን ደፍታ ወደ አማቷ ቤት ይዛ ሄደች። እኔ እንደጀመርኩ ሳህኑ ተመለሰ። ክዳኑ እንኳ አልተነሳም።

"ነገሩ ከተነሳ ጀምሮ ከእጄ አይበሉም" አለች፣ ሳህኑን እያስቀመጠች። "እሳቸው ናቸው ያሳደጉኝ ማለት ይቻላል፤ ልጅ ሆኜ ነው የመጣሁት።"

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከተማውን ዞርን። በብሎግዋ ያነበብኩትን ሁሉ በእጇ እያሳየችኝ ነው። ዳቦ ቤቱ የነበረበት የሞባይል መለዋወጫ ይሸጥበታል። ወፍጮው የነበረበት ቦታ ፎቅ ተጀምሮ ብረቱ ወደ ሰማይ ቆሟል። ደብረ ብርሃንም እንዲሁ ናት፣ የምንጽፈው የሚፈርሰውን እየተከተልን ነው። ግን ደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ሰው ሁሉ "ዘውዴ፣ ስለኛ ቤት መቼ ነው የምትጽፊው?" እያለ ያስቸግረኛል። ታደለችን ግን ሰው ሰላም ብሎ ዓይኑን ያሸሻል። ሁለት ሴቶች መንገዱን ተሻግረው ሲያልፉ አየሁ። ተማሪዎቿ ናቸው መሰለኝ አንድ ጥግ ላይ የቆሙት ሲንሾካሾኩ ዝም አሉ። ትከሻዋን ይዤ ልሄድ ፈለግሁ፣ ግን የባሰ ያስታውቅብናል ብዬ ተውኩት።

የባለሬዲዮው ልጅ ጋሽ ከድር ብቻ ከሱቃቸው ወጥተው ወንበርና ለስላሳ አቀረቡልን። "የአባቴን ስም ጽፈሽልኛል፣ እስክሞት አልረሳውም" አሏት። ከዚያ ጎንበስ ብለው "ግን ልጄ፣ የእሳቸውን ብትጽፊው ምን ነበረበት? እኔም እኮ ግራ ገባኝ" አሉ። ታደለች ለስላሳዋን ቀምሳ አስቀመጠችው።

ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ጎረቤት ከበሩ ሆኖ ሰላም አለን። "ደህና ዋሉ የማርታ አባት" አለችው። ትንሽ አልፈን "ስሙ ማነው? መልካም ሰው ይመስላል" ብዬ ጠየቅኋት። "የማርታ አባት ነው" አለች እንደገና። እኔም ሰው ሲከፋው ወሬ ያሳጥራል ብዬ አለፍኩት።

ማምሻውን ጋሽ ጴጥሮስ መጡ። ረጅም፣ ግርማ ያላቸው ሰው ናቸው። ለእኔ እንግዳነቴን አክብረው ከወገባቸው ዝቅ ብለው ሰላምታ ሰጡኝ። ለሷ ግን "ቅዳሜ አታርፍጂ" ብቻ ነው ያሏት። ሳሙኤል ጫማውን ሲያይ ነበር። አንቺ ልጅ፣ ባልሽ እንዲህ ጫማውን እያየ ስንት ቀን ቻልሽ? አልኩ በሆዴ።

አርብ

ዶዮገና የሄድነው የታደለችን እናት ለማየት ነው። ሽማግሌ ሲቀመጥብሽ እናት ሳትመርቅሽ አይሆንም አለች። ትምህርት ቤቱን አስፈቅዳ በጠዋት ተነሳን። መንገዱ እየወጣ ይሄዳል፣ ብርዱም እየመጣ ይሄዳል። ዶዮገና ስንወርድ ጉም ነበር፣ ጋቢዬን ስደርብ አገሬ የገባሁ መሰለኝ። በጎቹ ብቻ አይመስሉም፤ የዶዮገና በግ ከኛው ይልቅ ረዘም ብሎ ጮማ የያዘ ነው፣ ልደብቃችሁ አልችልም።

እናቷ እማማ ብርቄ ብርድ ልብሱን ተቀብለው ሳሙት። ቆጮ በጎመንና በአይብ አቀረቡልን፣ "ብዪ፣ የሰው አገር ሰው አይራብም" እያሉ ሲያጎርሱኝ እስትንፋስ አጣሁ። ሰው ሲጠግብ ምላሱ ይፈታል። እኔም ታደለች ውሃ ልትቀዳ እንደወጣች አፌ አላስችል አለኝ።

"እማማ፣ እስኪ ይምከሯት። ሄራሞ ብላ ብትጽፍ ነገሩ ሁሉ ዛሬ ያልቅ ነበር እኮ።"

እማማ ብርቄ የያዙትን ቆጮ ሳህኑ ላይ መለሱት። "ማን ትጻፍ? ልጄ?"

"አዎ።"

"የባሏን አባት ስም?" ሴትየዋ እኔን ያዩኝ የነበረው በአዘኔታ ነው። "አንቺ ልጅ፣ እናንተ አገር ምራት የአማቷን ስም ትጠራለች?"

ፊታቸው አንጠራም፣ አንቱ እንላለን፣ ከጀርባቸው ግን ስማቸው ስማቸው ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኛ ባሊሻ አለን። እኔ የባሌን አባት ስም ጠርቼ አላውቅም። የእናቱንም። በስማቸው መጀመሪያ የሚጀምር ቃል ሲመጣብኝ እንኳ ሌላ ቃል ፈልጌ ነው የኖርኩት። የሌላ ሰው ስም ከነሱ ጋር አንድ ከሆነ ሰውየውን በልጁ ስም እጠራዋለሁ። ታደለችንም ስትዳር ያስተማርኳት እኔ ነኝ።"

የማርታ አባት! ስሙ ሄራሞ ነው ማለት ነው። እጄን ግንባሬ ላይ አደረግሁ።

ስትመለስ ጠብቄ፣ ከግቢው ጓሮ እንሰቱ ስር ይዣት ገባሁ። "አንቺ ሴት፣ አብደሻል? ለምን አልነገርሻቸውም? አንድ ጊዜ ብትናገሪ ኖሮ…"

"ማንን ነው የምነግረው?" አለች። "የዛሬ ልጆች እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም አያውቁም። በቸርችም ኋላ ቀር ነው ይባላል። እኔ ደግሞ አስተማሪ ነኝ፣ ሱሪ እለብሳለሁ፣ በስብሰባ እናገራለሁ። ምን እላለሁ?"

"እውነቱን!"

"'አክብሬያችኋለሁ' ብዬ እኔው ልመስክር? ዘውዴ፣ አክብሬያለሁ ብለው የሚያወሩት ክብር ምኑ ክብር ነው? እዚያ ቤት ስገባ ጀምሮ አንድ ቀን ስማቸውን አልጠራሁም፤ ማንም ደግሞ አላወቀብኝም። 'አባባ' ስል ሁሉም ለምዶታል። እንዳይታወቅ ነበር የለፋሁት።" እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። "ልጽፈው ሞክሬያለሁ፤ እጄ አልሄደም። ነገ እንዳትናገሪ። ማይልኝ።"

ማልኩ። እንዴት እንዳናደደኝ ልነግራችሁ አልችልም።

ቅዳሜ

ሽማግሌዎቹ በጋሽ ጴጥሮስ ግቢ ዛፍ ስር ተቀመጡ። እኛ አገርም ሽምግልና አለ፤ የኛዎቹ ገና ሲቀመጡ ነው የሚጮሁት። እዚህ ቀስ ነው፣ እየተመራረቁ፣ እየተጠያየቁ። ያ ዝግታ የባሰ አስጨነቀኝ። የታደለች አማት ወይዘሮ አየለች ከሴቶች በኩል በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን እስከ አፋቸው ስበዋል። ታደለች ወደ መሬት እያየች ቆመች፣ ሳሙኤል ከኋላዋ።

ጋሽ ጴጥሮስ ተነስተው ተናገሩ። አባታቸው ወፍጮውን ሲያመጡ የነበረውን ድካም፣ ከተማው ሁሉ ከእሳቸው ደጅ እንዴት እንደፈጨ ዘረዘሩ። ሲጨርሱ ድምፃቸው ሰለለ። "አባቴ ሞተው ነው እንጂ ቢኖሩ ምን አጠፋሁ ብለው ይጠይቋት ነበር። የሱቅ ሰው ሁሉ ስም ተጻፈ። የእሳቸው አልተጻፈም።" ያኔ ሰውየው ክፉ እንዳልሆኑ አየሁ፤ አባታቸው የናፈቋቸው ልጅ ናቸው። ይህ ነገሩን አላቀለለውም።

ሸምጋዩ አዛውንት ወደ ታደለች ዞሩ። "ልጄ፣ የምትይው አለሽ?"

"የለኝም አባቴ።"

"ነገሩን እናሳጥር" አሉ ጋሽ ጴጥሮስ። "ካሣ አልፈልግም። ብሎግ ይዘጋም አልልም። አሁን እዚህ፣ በእናቴ ፊት፣ ወፍጮውን ያመጣው ማን እንደሆነ በስሙ ትጥራ። ትጥራና እናብቃ።"

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ፍርዱ ቀላል ነው ማለታቸው ነው። ሁሉም ሰው ወደሷ አየ። ታደለች አፏን ከፈተች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። በይ ልጄ በይ፣ አልኩ በልቤ፣ አንድ ቃል ነው፣ እግዜርም ይቅር ይልሻል! ዘጋችው። እንደገና ከፈተች። ምንም አልወጣትም። ላብ ከጆሮ ግንዷ ወረደ።

"አያችሁ?" አሉ ጋሽ ጴጥሮስ። "በፊታችንም እምቢ አለች። እንግዲህ ይህች ሴት ስለዚህ ከተማ መጻፍ…"

እኔ ከመቀመጫዬ ተነስቻለሁ። መሐላዬን ልበላ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሌላ ድምፅ ቀደመኝ።

"ተዋት!"

ወይዘሮ አየለች ናቸው። ነጠላቸው ከአፋቸው ወርዷል። ታደለችን ትክ ብለው ያያሉ። "አንቺ ልጅ" አሉ ቀስ ብለው። "ስሙን ጠርተሽ ታውቂያለሽ? ከመጣሽ ጀምሮ?"

ታደለች ራሷን አወዛወዘች፣ የለም በማለት።

"አንድ ቀንስ? ሲሞት? ስታለቅሺ?"

"አባባ ብዬ ነው ያለቀስኩት፣ እማ።"

አሮጊቷ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ጴጥሮስ፣ የአያትህን ስም ማን ነገረህ?"

"አባቴ።"

"እኔስ? ከእኔ አፍ ሰምተኸው ታውቃለህ?"

ጋሽ ጴጥሮስ የእናታቸውን ፊት አዩ። ሲያስቡ አየኋቸው፤ ልጅነታቸውን ሁሉ ሲፈልጉ። ከእናታቸው አፍ የሰሙት አልነበረም። ሸምጋዩ አዛውንት ከዘራቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው "አቤት! እኛንስ ይህ እንዴት ጠፋን?" አሉ። "አስተማሪ ናት ብለን፣ ቢሮ ገብታ ትወጣለች ብለን። ምራት መሆኗን ረሳን።"

ወይዘሮ አየለች ሄደው የታደለችን ራስ ወደ ደረታቸው ሳቡት። "ሳህንሽን መለስኩብሽ" እያሉ አለቀሱ። ሳሙኤልም ጫማውን ማየት ትቶ አለቀሰ። እኔማ ምን ቀረኝ።

ትንሽ ሲረጋጉ ሸምጋዩ "ታዲያ ስሙ ሳይጻፍ መቅረት የለበትም፤ ከተማው ይወቀው። ምራት ካልጻፈች ልጅ ይጻፍ" ብለው ፈረዱ። ታደለች ብሎጉን ከፍታ ስልኳን በሁለት እጇ ለጋሽ ጴጥሮስ ሰጠች። እሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው፣ በወፍራም ጣታቸው ፊደሉን አንድ በአንድ እየፈለጉ "ሄራሞ" ብለው ጻፉ።

"አንብበው" አሉ ሸምጋዩ።

ጋሽ ጴጥሮስ ጮክ ብለው አነበቡ። ወፍጮው በጭነት መኪና ሲገባ ሕዝቡ እንዴት እንደተቀበለው፣ ጭቃው ውስጥ ሲሰምጥ በበሬ እንደተጎተተ። የአባታቸው ስም ላይ ሲደርሱ ታደለች ዓይኗን ሰበረች። እሳቸው ቀጠሉ፦ "ወፍጮውን ማለዳ የምታስነሳው ሚስቱ ነበረች። ወረፋ ለያዙ ሴቶች ሕፃናታቸውን ታዝልላቸው ነበር። እህሉ ያነሰባትን ሴት ደግሞ ከራሷ ጨምራ ትፈጭላት ነበር። ሰው ወፍጮውን የወደደው በሷ…"

ቆሙ። ወደ ላይ መለስ ብለው ፈለጉ፣ ወደ ታች ፈለጉ።

"የእናታችንም ስም የለም" አሉ።

ያ ሁሉ ኮመንት፣ ያ ሁሉ ስድብ! ደቡብ አፍሪካ ያለው፣ ሚኒባስ ውስጥ የነበረው፣ ጋሽ ከድር፣ እዚያ የተቀመጡት ሽማግሌዎች፣ እኔም ራሴ ስንቴ ያነበብኩት። "የሴትየዋስ ስም?" ያለ አንድ ሰው አልነበረም።

ጋሽ ጴጥሮስ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉት። "እማ" አሉ፣ "ማን ብዬ ልጻፍሽ?"

አሮጊቷ ሰው ሁሉ እንደሚያያቸው ሲያውቁ ነጠላቸውን አስተካከሉ። "አየለች" አሉ። ከዚያ "አየለች ዋቤቶ።"

"አየለች ማን? ድገሚው እማ፣ ድምፅሽ አልተሰማኝም።"

"ዋቤቶ! አባቴ ነው" አሉና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "የእሱን መጥራት እችላለሁ። ዋቤቶ!"